ባለቤት ቀይር

የእድራችን «ኮምፒውተር አዋቂ» ሆኜ የተሾምኩት በችሎታዬ አይደለም። አንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ጎትቼ አወጣሁ፤ በቃ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሊቀ መንበራችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲያው የድረ ገጹን ነገር እሱ ይያዘው» አሉ። ተጨበጨበ። በእድር ከተጨበጨበ በኋላ እምቢ የሚል ሰው የገዛ ቀብሩን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እኔም አሰብኩና ዝም አልኩ።

እድር ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ ልጆቹ ገና ከሰፈር አልወጡም ማለት ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዷ ዱባይ ናቸው። የእናታቸውን ወርኃዊ መዋጮ ከዚያው ሆነው ይከፍላሉ፤ ማን እንዳረፈም ከዚያው ሆነው መስማት ይፈልጋሉ። ጥሩምባ ነፊያችን ሳንባው ብርቱ ነው፤ ቢሆንም ድምፁ ከወንዙ ማዶ አይሻገርም። ስለዚህ ጀርመን አገር የተቀመጠ አንድ ሰርቨር ተከራየን። ኪራዩን የሚችለው አሜሪካ ያለ የአንድ አባላችን ልጅ ነው። ለእሱም እንዳይከብደው ብለን ሁለት ደባል አስገባን፤ ሰንበቴውንና የሰፈሩን የኳስ ቡድን። አንድ ግቢ፣ ሦስት ተከራይ፣ አንድ ቧንቧ። እንዲህ ባለ ግቢ ያደገ ሰው የቀረውን ታሪክ ከወዲሁ መገመት ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው የጥር ተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ደወሉ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አርፈው ቀብሩ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ልጃቸው ውጭ አገር ስለሆነ ማስታወቂያው ከነፎቶው ቶሎ መውጣት ነበረበት።

«ልጄ፣ ፎቶውን ልጭን ብል ወላጅ አምጪ ይለኛል።»

«ምን አምጪ?»

«ወላጅ! ፔረንት ይላል እኮ። ወላጁ ለሰርቨሩ ይጻፍበታል ወይ ብሎ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። እኔን ነው የሚጠይቀኝ?»

ዕድሜ ልካቸውን ያረፈደውን ሁሉ «ወላጅ አምጣ» እያሉ ከበር ሲመልሱ የኖሩ ሴት፣ በስተርጅና ከማሽን ወላጅ ሲጠየቁ ምን እንደተሰማቸው ከድምፃቸው ይታወቅ ነበር። እውነታቸውንም ነው፤ መልእክቱ የሚለው ያንኑ ነው። «ወላጅ» የተባለው አንድ ፎልደር የተቀመጠበት የላይኛው ፎልደር ነው። ድረ ገጻችን የቆመበት ወርድፕረስ እንደ ጥሩ መዝገብ ቤት ፎቶዎችን በዓመትና በወር ከፋፍሎ ያስቀምጣል። ወር ሲለወጥ፣ የመጀመሪያው ፎቶ ሲመጣ፣ በዓመቱ ፎልደር ውስጥ አዲስ የወር ፎልደር ይከፍታል። ለእኛ ዕለቱ ጥር 24 ነው፤ ለሰርቨሩ ግን ፌብሩዋሪ 1 ነበር። አዲሱን ፎልደር ሊከፍት ሄደ፤ የዓመቱ ፎልደር «አንተን አላውቅህም» አለው።

«እስከ ትናንት ይሠራ ነበር» አሉኝ እትዬ።

አዎን፣ ይሠራ ነበር። የሠራውም ከሦስት ሳምንት በፊት እኔ ባደረግኩት ነገር ነው፤ ዛሬ እምቢ ያለውም በዚያው። ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ዕቃ ያጓጓዝኩት እኔ ነኝ። ስገባ በየደረጃው ፈቃድ መጠየቁ አሰለቸኝና የሰርቨሩ ዋና አለቃ ሆኜ ገባሁ፤ ፋይሉን ሁሉ ገልብጬ አወረድኩ። ሰርቨሩ በሚተዳደርበት በሊኑክስ ሕግ ደግሞ ዝም ብሎ የተገለበጠ ፋይል በገልባጩ ስም ይመዘገባል። ሶፋ ያወረደልህ የወዛደር አለቃ ሶፋውን በስሙ አስመዝግቦ ሲሄድ ማለት ነው። በማግስቱ ፎቶ አልገባ ሲል ምን አደረግኩ? ስሕተቱ የጠራውን ፎልደር ብቻ፣ ማለት የጃንዋሪውን፣ በሩን ለሁሉም ወለል አድርጌ ከፈትኩት። «ለጊዜው ነው» አልኩ። ሳሎናችን ጣሪያ ላይ ያለው ላስቲክም ለጊዜው ነው፤ አሥራ አንድ ክረምት አልፎበታል።

ይህን «በር መክፈት» የሚሉትን ነገር ሳላስረዳ ወደፊት ብሄድ አንባቢ ያዝንብኛል። እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ዓይነት ሰው ነው የሚያውቀው፤ ባለቤቱን፣ የባለቤቱን ቡድንና ሌላውን ሰው ሁሉ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ነገር ሊፈቅድ ይችላል። ማንበብ 4 ነው፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። የድሮ ባለሱቅ የሚዛን ድንጋዮች ናቸው። በነዚህ ሦስት ድንጋዮች ከዜሮ እስከ ሰባት ያለውን ሁሉ መመዘን ይቻላል፤ ሁለት የተለያየ ድምርም አንድ ቁጥር ላይ አይገናኝም። 644 የተባለ ፋይል ባለቤቱ ያነበዋል፣ ይጽፍበታል፤ የቀረው ሰው ያነበዋል እንጂ አይነካውም። ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ 755 ይሆናል። 777 ማለት ደግሞ አጥሩን አፍርሶ፣ በሩን ነቅሎ፣ «ግቡ፣ ውጡ፣ ያሻችሁን ጻፉ፣ ያሻችሁን ጣሉ» ማለት ነው።

ፎልደር ላይ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ይጣመማል፤ እኔም ብዙ ዓመት የተሳሳትኩበት እዚህ ላይ ነው። የፎልደር «ማንበብ» በውስጡ ያሉትን ስሞች ማየት ብቻ ነው። «ማስኬድ» ማለት ማለፍ ነው። ማለፍ ተፈቅዶልህ ማየት ከተከለከልክ፣ ጨለማ ጓዳ ውስጥ እንደገባህ ቁጠረው። ቅቤው የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቅ ዳስሶ ያወጣል፤ የማያውቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። «መጻፍ» ደግሞ የማስቀመጥም የማውጣትም ሥልጣን ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል እንኳ ልትነካበት ያልተፈቀደልህን ፋይል፣ ፎልደሩ ላይ መጻፍ እስከቻልክና ማለፍ እስከተፈቀደልህ ድረስ፣ ጠቅላላ አንስተህ ልትጥለው ትችላለህ። ደብዳቤው ላይ መሰረዝ መደለዝ ክልክል ነው፤ ደብዳቤውን ከነማኅደሩ ማቃጠል ግን ይቻላል። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ አይገረምም።

ደግሞ ፎቶውን ወደ ፎልደሩ ይዞ የሚሄደው ማነው? እትዬ አይደሉም። እሳቸው እቤታቸው ቁጭ ብለው ቁልፍ ይጫናሉ፤ ፋይሉ ደጃፍ የሚደርሰው ግን ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ነው፤ እሱም የራሱ ስም አለው። በእኛ ሰርቨር «ደብሊው ደብሊው ደብሊው ዳታ» ይባላል። እንደ ተላላኪ ልጅ አስበው። የእትዬ የይለፍ ቃል ወርድፕረስን ያስከፍታል እንጂ እዚያ ታች ያለው ዘበኛ አያውቀውም። ዘበኛው የሚጠይቀው የተላላኪውን መታወቂያ ነው። «ማነህ?» ይላል። «ደብሊው ደብሊው ደብሊው ዳታ ነኝ።» «ቤቱስ የማነው?» «የአለቃው።» «አለቃው ልኮሃል?» ዝም። «በል ተመለስ።»

ያን ማታ ይህን ሁሉ ማን አስቦት። እትዬ ስልክ ላይ ይጠብቃሉ፤ ሟቿ እናት በሰፈር የተከበሩ ናቸው፤ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ጥሩምባ ነፊያችንም ፐርሚሽን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ዙሩን ጨርሶ ገብቷል። እኔ ብቻ የማሽን በር ላይ ቆሜያለሁ። ገባሁና ያችን የታወቀች ትእዛዝ ጻፍኩ። ችሞድ፣ ሰረዝ፣ ትልቁ አር፣ 777፣ ነጥብ። «ትልቁ አር» ማለት እስከ ታች ድረስ፣ ልጅም የልጅ ልጅም ሳይቀር ነው። «ነጥብ» ማለት ደግሞ አሁን ከቆምኩበት ጀምሮ። የቆምኩት የት ነበር? ፎቶ ማስቀመጫው ላይ መስሎኝ ነበር። የቆምኩት ዋናው የግቢ በር ላይ ነበር።

«ገባ!» አሉ እትዬ። «ተባረክ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን።» ተመርቄ ተኛሁ።

ጠዋት ተነስቼ ድረ ገጹን ስከፍት ወርድፕረስ «ማሻሻያ አለ» ይላል። ልቤ ሞቅ ብሎ ስለነበር ተጫንኩት። የኤፍቲፒ ስምና የይለፍ ቃል አምጣ አለኝ። የምን ኤፍቲፒ? ማታ ሁሉንም ከፍቼልህ? በኋላ እንደተማርኩት፣ ወርድፕረስ ተጠራጣሪ ነው። ማሻሻያ ከማውረዱ በፊት አንዲት የሙከራ ፋይል ይጽፍና «በማን ስም ወጣች?» ብሎ ያያል። በራሱ ፋይሎች ባለቤት ስም ከወጣች ይቀጥላል። በሌላ ስም ከወጣች፣ በሩ ሰባቴ ሰባት ቢከፈትም፣ «ይህ ቤት የኔ አይደለም፤ ባለቤቱን ጥሩልኝ» ብሎ ደጅ ይቆማል። ጨዋነቱ ከእኔ ይሻላል።

እሺ፣ ገብቼ ላስተካክል ብዬ ወደ ሰርቨሩ ሄድኩ። «ፐርሚሽን ዲናይድ።» ሁለተኛ ሞከርኩ። «ፐርሚሽን ዲናይድ።» ቁልፌ ያው ቁልፍ ነው፤ በሩ ያው በር ነው። ማታ ላለም ለሌለም የከፈትኩት ቤት እኔን ብቻ ወደ ውጭ ዘጋኝ።

ይህ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ ግን የምሬን ነው። ከሩቅ የምንገባበት ኤስኤስኤች የሚባለው በረኛ «እነዚህ ሰዎች ቁልፍ አላቸው» የሚል ዝርዝር አለው፤ ዝርዝሩም የሚቀመጠው በተጠቃሚው ቤት ውስጥ ነው። እኔ ትልቁን አር ስለቅቀው ያንንም ዝርዝር ማንም እንዲጽፍበት ከፈትኩት። በረኛው ጠዋት ዝርዝሩን ሲያየው ማንም መንገደኛ ስሙን ሊያስገባበት ይችላል። «ይህን ዝርዝር አላምንም» አለና ቁልፉን ሳያይ መለሰኝ። ትክክል ነው። አንድ የሠርግ ዘበኛ የተጋባዦች ዝርዝር በእርሳስ ተጽፎ ከነእርሳሱ ቢሰጠው ሌላ ምን ያደርጋል?

የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። እሱ በዚህ ሥራ እንጀራውን የሚበላ ነው። እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ስለነበር ስልኩን በላውድስፒከር ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ባለቤቴ እዚያው ቡና እየቆላች ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ነክተሃል?»

«ምንም።»

«ጋሼ?»

«ሰባት ሰባት ሰባት ሰጠሁት።»

«ለየቱ?»

«ለሁሉም።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ቆይ፣ ያኔ ዕቃውን ስታጓጉዝ እንዴት ነበር የገባኸው? በሩት ነው?»

«አዎ፣ በሩት።»

የቡናው መንሿሿት ቆመ።

«በቃ ታወቀ! ንብረቱ በሙሉ በሩት ስም ሆኗላ! ጋሼ፣ አንተ ፈቃድ ፈቃድ ትላለህ፤ ያንተ ችግር ፈቃድ አይደለም፣ ባለቤት ነው። ባለቤት መቀየር አለብህ።»

«ሩት ማናት?» አለች ባለቤቴ።

«ሰው አይደለችም» አልኩ። ይህ መልስ ምንም እንዳልጠቀመኝ ከዓይኗ ገባኝ።

ልጁ ምንም አያውቅም፤ ቀጠለ። «አይዞህ፣ ባለቤት መቀየር ቀላል ነው። አንድ ትእዛዝ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን አንተ ብቻህን አትችልም፤ ሩት ካልፈቀደች አይሆንም።»

«ለመሆኑ ስንት ጊዜህ ነው ከሷ ጋር?» አለች ባለቤቴ፤ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። ድምፅዋ ዝቅ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ያን ቀን አቦሉ ለጎረቤት ሄደ፤ ለእኔ በረካ ደረሰኝ፣ እሱም ቀዝቅዞ።

ጥፋቱ የቋንቋችን ነው። የቤቱን ጌታም፣ የትዳር ጓደኛንም «ባለቤት» የምንል ሰዎች ከማሽን ጋር ስንነጋገር ቃላችንን መመጠን ነበረብን። ሩት የተባለችውም እንግሊዝኛው «ሥር» የሚለው ቃል ናት፤ በሰርቨር አገር ግን ሥልጣን ሁሉ የሷ ነው። ቁጥሯ ዜሮ ነው፤ ማንበብና መጻፍን በተመለከተ ዘበኛው ሩትን ካየ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ያሳልፋል። ይህ ሥርዓት የዛሬ አይደለም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ፣ ቤል ላብስ ውስጥ የሊኑክስን ቅድመ አያት ዩኒክስን መሥራት የጀመሩት በፈረንጆች 1969 ነው። ማሽን ውድ ነበረና ብዙ ሰው በአንድ ማሽን ይጠቀማል፤ ስለዚህ የማን ዕቃ የማን እንደሆነ መለየት ነበረበት። ችሞድም፣ ባለቤት የሚቀይረው ችኦንም በመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነበሩ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቀን ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። በእኛ ስንቆጥረው ጥቅምት 23 ቀን 1964 ላይ ይወድቃል፤ የጃንሆይ የዘውድ በዓል። እዚህ መድፍ ሲተኮስ እዚያ ማዶ ሩት ዘውድ ጫነች ማለት ነው። የሷ ግን እስከ ዛሬ አልወረደም።

ልጁ ማታውን መጣ። ኪራይ የሚሰጡን ሰዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ያስቀመጡት የጓሮ በር አለ፤ በዚያ ገባ። መጀመሪያ የቁልፉን ዝርዝር ዘጋ፤ ለባለቤቱ ብቻ፣ 600። የተቀመጠበትን ፎልደር 700። ከዚያ እጁን አፍተለተለና ችኦን ጻፈ።

ችኦንን በአማርኛ በትክክል የሚተረጉመው «ስም ማዛወር» ነው። እንደ ቤት ስም ማዛወርም ከባድ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። የቤቱ ነገር ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ፣ ቢያንከራትትም ያልቃል። ሊኑክስ ላይ ግን ተራ ተጠቃሚ የገዛ ፋይሉን ለወንድሙ እንኳ በስጦታ ማዛወር አይችልም፤ ሩት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ክፋት መሰለኝ። ልጁ ሲነግረኝ ግን ምክንያቱ የግቢ ምክንያት ነው። ሰው ፋይሉን እንደልቡ በሌላው ስም ማድረግ ቢችል፣ የራሱ የዲስክ ድርሻ ሲሞላ ቆሻሻውን በጎረቤቱ ስም ይመዘግበዋል። ሌሊት ሌሊት ጆንያ ተሸክሞ ጎረቤት በር ላይ የሚደፋ ተከራይ ነበረን፤ ወዲያው ገባኝ።

ባለቤትነት ሌላም ጉድ አለው። ዘበኛው መጀመሪያ «ባለቤት ነህ ወይ?» ይላል። አዎ ካልክ የባለቤቱን መስመር ብቻ ያያል፤ ሌላውን አያነብም። እንግዲህ አንድ ፋይል ለባለቤቱ ዜሮ፣ ለሌላው ሰው ሰባት ቢሆን፣ መንገደኛ ሁሉ እየገባ እየወጣ ባለቤቱ በር ላይ ይቀራል። «ሁሉም ሰው ገባ እኮ!» ቢል «እርስዎ ግን ባለቤት ነዎት» ይባላል። ሳሎኑን ለእንግዳ ለቆ ኩሽና በርጩማ ላይ የሚበላ አባወራ ይህን ያውቃል።

ልጁ እየጻፈ ሳለ ድንገት ቆመ። «ጋሼ፣ ይኼ ምንድነው?» የኳስ ቡድኑ ፎልደር ውስጥ ስሙ የማይነበብ አንድ ፋይል ተጎልቷል። ማንም አላስገባውም። በማን ስም ነው? በደብሊው ደብሊው ደብሊው ዳታ። የእኛ ፎቶዎችም በሱ ስም፣ የሰንበቴውም በሱ ስም፣ ሦስታችንም የምንልከው ያንኑ ተላላኪ ነው። የኳስ ቡድኑ ዓመት ሙሉ ያልታደሰ አንድ ተጨማሪ ፕሮግራም ነበራቸው፤ ባዕዱ በዚያ ነው የገባው። እኔ ደግሞ ያን ማታ የእድሩን ቤት 777 ከፍቼለት ነበር። አንድ ሌሊት ቢጨመርበት የሟቿ ፎቶ አጠገብ የቁማር ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ሊቀ መንበራችን ያን ቢያዩ ኖሮ የሚቀጥለው ማስታወቂያ የእኔ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ሳህን ይዛ ገባች። ለልጁ ነው፤ እኔ ገና ምሕረት አላገኘሁም። ልጁ ግን ጨዋ ነውና ነገሩን ከሥሩ አስረዳት፤ ሩት ማን እንደሆነች፣ ባለቤት ማለት ምን እንደሆነ። እሷም ሰምታ ወደ ጓዳ ሄደችና ትልቁን ጎላ ድስት ይዛ መጣች። ገለበጠችው። ቂጡ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ምልክት አለ።

«እኔ ይኼን ድስት ለስንት ድግስ አውሻለሁ» አለች። «ማንም ያብስልበት፣ ሲያልቅ ግን ገልብጬ አያለሁ። ያንተ ሰባት ሰባት ሰባት ታዲያ ድስቴን ከነክዳኑ አስፋልት ዳር ማስቀመጥ ነዋ።»

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። በዓይኑ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ይኼ ነው። ሦስቱ ቤቶች ሦስት ተላላኪ ተቀጠረላቸው፤ የድረ ገጾቹን ሥራ የሚሠራው ፒኤችፒ ለእያንዳንዱ ቤት በራሱ ስም እንዲሮጥ ሆነ። የእድሩ በእድሩ ስም፣ የሰንበቴው በሰንበቴው። ባዕዱ ፋይል ተጣለ፤ የኳስ ቡድኑ ያረጀ ፕሮግራምም ታደሰ። ከዚያ ፋይሉ ሁሉ ወደየባለቤቱ ስም ተዛወረ፤ ፎልደር 755፣ ፋይል 644፣ የዳታቤዙን ምስጢር የያዘው ፋይል 600። ቃለ ጉባኤ የሚቀመጥበት ፎልደር ለብቻው ነው። እትዬ፣ ገንዘብ ያዡና እኔ እዚያ ስለምንጽፍበት አንድ ቡድን ተሠራልንና 2775 ተባለ። ፊት ለፊት ያለችው 2፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የግቢውን ቡድን ስም ይዞ ይወለዳል ማለት ናት። ድሮ እትዬ የጻፉት ፋይል በእትዬ ስምና በእትዬ ቡድን ብቻ ይመዘገብ ስለነበር፣ ገንዘብ ያዡ አንድ ቁጥር ለማረም እየደወሉ ያስለምኑ ነበር። አሁን በአካል ይጣላሉ።

የ2ቷ እህት 1ም አለች፤ ለጊዜያዊ ዕቃ በተሠራው «ቴምፕ» ፎልደር በር ላይ 1777 ሆና ትገኛለች። ይህች ከሁሉም ታስደስተኛለች። ሦስቱ ሰባቶች «ማንም ያስቀምጥ» ይላሉ፤ 1 ግን «የራሱን ብቻ ያንሳ» ትላለች። የጋራ ግቢ የልብስ ገመድ ናት። ማስጣት ለሁሉም ነው፤ የሰው ቀሚስ ማውረድ ግን ነውር ነው። ልጅ ሆኜ በእናቴ አንሶላ የተነሳ ግቢው ለሁለት ወር ሲኮራረፍ አይቻለሁ፤ ያኔ ይህቺ 1 ብትኖር ጥሩ ነበር።

ልጁ ጨርሶ ላፕቶፑን ሊዘጋ ሲል ፎቶዎቹ ሁሉ ከድረ ገጹ ጠፉ። 403። የተከለከለ። ፋይሉን አየው፤ 644 ነው፣ ማንም ያነበዋል። ፎልደሩን አየው፤ 755። ላቡ መጣ። እኔ ምንም አልነካሁም፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ነበር። በኋላ ኔምአይ የምትባል ትእዛዝ ጻፈ፤ እሷ ከግቢው በር ጀምራ እስከ ፋይሉ ድረስ ያለውን በር ሁሉ አንድ በአንድ ከነባለቤቱ ትዘረዝራለች። ለካ እሱ ራሱ ቁልፍ ሲያስተካክል የግቢውን ዋና በር ጭምር 700 ብሎ ጠርቅሞታል። ፎቶው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ግን ማንም ግቢውን አልፎ አይደርስበትም። ሳሎን ክፍት አድርጎ አጥሩን መቆለፍ። 711 አደረገው፤ ለውጭ ሰው ማለፍ ተፈቅዷል፣ መጎብኘት አልተፈቀደም።

«ይኼንንም ለእህትህ እንዳትነግራት» አለኝ። እንዳልነግራት ተስማማን።

ሰርቨሩ ወሩን የሚለውጠው የካቲት 22 ነበር፤ ለሱ ማርች 1። እኔ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ስገላበጥ አደርኩ። አዲስ ፎልደር በማን ስም ይከፈታል? ማነህ ይባላል? ወላጅ ይጠየቃል? ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ የአዲሱን ገንዘብ ያዥ ፎቶ ጫንኩት።»

«ገባ?»

«ገባ፣ ምንም ወላጅ አልጠየቀኝም።»

ትንፋሼን ለቀቅኩ።

«ግን» አሉ፣ «ቆመው የተነሱት ሰውዬ ተኝተው ነው የወጡት። አሁን ደውለው ሲጮሁብኝ ነበር። የእድር ድረ ገጽ ላይ እንዴት አጋድማችሁ ታወጡኛላችሁ፣ ይላሉ፤ ከዋሽንግተን ሁለት ሰው እያለቀሰ ደውሎላቸዋል።»